ሜልባ ሊስተን ትሮምቦኗን ለምን አስቀመጠች? (14 ምላሾች)

ጥያቄውን የለጠፍኩት ቅዳሜ ማታ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን ሁሉ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲመቸው የውይይቱን ክር ከላይ እስከ ታች ልተርከው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እኔ የጻፍኩት ይህን ነበር። ሜልባ ሊስተን ጥቁር አሜሪካዊት የጃዝ ትሮምቦን ተጫዋች ነበረች። በ1926 ካንሳስ ሲቲ ተወለደች። በ7 ዓመቷ ትሮምቦን አይታ ወደደችው፣ እናቷም ገዛችላት። በ8 ዓመቷ ሬዲዮ ላይ ብቻዋን ተጫወተች። ልጅ ሆና ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዱ፣ በ16 ዓመቷ እዚያ አንድ የቲያትር ቤት ባንድ ውስጥ ገባች። ከዚያ በጄራልድ ዊልሰን፣ በዲዚ ጊሌስፒ፣ በኋላም በኩዊንሲ ጆንስ ቢግ ባንዶች ውስጥ ከትሮምቦኖቹ ረድፍ ተቀምጣ ነፋች። ዛሬ ግን ስሟ ከተነሳም የሚነሳው በአቀናባሪነቷ፣ ማለትም ዜማውን ለባንዱ መሣሪያዎች አከፋፍላ በመጻፏ ነው። የእኔ ሐሳብ፣ ሴት ስለሆነች በሃምሳዎቹ ውስጥ መሣሪያዋን አስጣሏትና ወረቀትና እርሳስ አስያዟት የሚል ነበር። ወንዶቹ መድረክ ላይ ታዩ፣ እሷ ጓዳ ቀረች። ተሳስቻለሁ ወይ ብዬ ጨረስኩ።

ምላሽ 1 ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። የጻፉት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ኦርኬስትራ ትሮምቦን የነፉ፣ አሁን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስለ ሜልባ በማንሳቴ አመሰገኑኝ፣ መረቁኝ። ቀጥለው ግን ጥያቄዬ ከመነሻው ትንሽ ዘመም ያለ ነው አሉ። ቢግ ባንድ ውስጥ አምስት ያህል ሳክስፎን አለ፣ አራት ትራምፔት አለ፣ መሀል ላይ ሦስት ወይ አራት ትሮምቦን አለ። ዜማው ብዙውን ጊዜ የላይኞቹ ነው፣ ምቱ የባስና የድራም ነው። ትሮምቦን መሀሉን ይሞላል። ሰው መሀሉ ሲጎድል እንጂ ሲኖር አይታወቀውም። እሳቸው ራሳቸው በስድስት ዓመት ውስጥ ብቻቸውን የተጫወቱት አራት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ጻፉ። ስለዚህ ሜልባ ጎልታ አለመሰማቷ ሁሉ ግፍ አይደለም፣ ከፊሉ የወንበሩ ጠባይ ነው ባይ ናቸው።

ምላሽ 2 ከነገሩ ወጣ ያለ ነበር። ዴንቨር የምትኖር እናት ናት። ልጇ 10 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆቹ ለባንድ የሙዚቃ መሣሪያ እንዲመርጡ ተባለ፣ ልጅቷ ትሮምቦን መረጠች። ዘመድ ሁሉ በስልክ ተነሳባት። ለሴት ልጅ ፍሉት ነው የሚያምረው፣ ቫዮሊን ይሻላታል፣ ጉንጯ ይነፋል፣ ከንፈሯ ይበላሻል ተብሏል። እናትየዋን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። ልጅቷ አጭር ናት፣ ክንዷ ስላይዱ (ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሳበው ቱቦ) ጫፍ አይደርስም። ሜልባ በ7 ዓመቷ እንዴት ደረሰላት ብላ ጠየቀች።

ጋሼ በምላሽ 3 ወዲያው ተመለሱ። ይህ ምላሽ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ነው። ትሮምቦን እንደ ትራምፔት የሚጫኑት ቁልፍ የለውም አሉ። ስላይዱ ሰባት ማረፊያ አለው፣ ግን የትኛውም ላይ ምልክት አልተደረገም። ልክ እንደ መሰንቆ ነው፣ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚናገር ነገር የለም፣ ጆሮ ነው የሚመራው። ማረፊያዎቹ ወደ ታች በሄዱ ቁጥር ይራራቃሉ፣ ሰባተኛው ላይ ክንድ ተዘርግቶ ያልቃል። ትንሽ ልጅ ስድስተኛውና ሰባተኛው ላይ ባትደርስ ምንም ማለት አይደለም፣ ለጀማሪ የሚሰጡት ዜማዎች አብዛኞቹ ከላይኞቹ ማረፊያዎች አይወጡም። ከፍ ስትል ደግሞ ትርፍ ቱቦ የተገጠመለት ዓይነት አለ። በአውራ ጣት ሲጫኑት ስድስተኛው ላይ የሚገኘው ድምፅ ክንድ ሳይዘረጋ እዚሁ አንደኛው ላይ ይወጣል። ስለ ከንፈሯም አትስጊ፣ እኔ ሰባ ዓመት አልፎኝ ከንፈሬ በቦታው ነው ብለው አጽናኗት።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተቀየረ። ምላሽ 4 የጻፈው ሰው ሰላምታም አላስቀደመም። ሳታነቡ አትጻፉ ብሎ ጀመረ። ዓመታቱን ግን አንድ በአንድ አስቀመጠ፣ እውነቱን ነው። የዊልሰን ባንድ በ1948 ተበተነ። ሜልባ ወደ ዲዚ ባንድ ገባች፣ ያኔ ሳክስፎን ነፊው ጆን ኮልትሬንም እዚያው ነበር። በ1949 ከድምፃዊቷ ቢሊ ሆሊዴይ ጋር ወደ አሜሪካ ደቡብ ለሥራ ወጡ። ጉዞው ከሸፈ። ሰው አልመጣም፣ ገንዘብ አለቀ። ሜልባ ተሰላችታ ወደ ሎስ አንጀለስ ተመለሰችና በከተማዋ የትምህርት ቦርድ ቢሮ ጸሐፊነት ተቀጠረች። ለዓመታት ባንድ ውስጥ አልነፋችም። ከዚያ በ1956 ዲዚ ጠራት፣ ተመለሰች። ትሮምቦኑን ለመጨረሻ ጊዜ ያስቀመጠችው በ1985 ነው፣ ያውም ስትሮክ መትቷት። ስለዚህ ማንም በሃምሳዎቹ ውስጥ አላስጣላትም አለ። ልክ ነው፣ የመጀመሪያው ልጥፌ ላይ ዓመቱን አርሜዋለሁ። ንግግሩ ቢጎመዝዝም ስለ እርማቱ አመሰግነዋለሁ።

ምላሽ 5 ወደ ፊልም ወሰደን። ሜልባ ቢሮ ከመቀጠሯ ሌላ ሆሊዉድ ውስጥ የፊልም አጃቢ ተዋናይ ሆና ትሠራ ነበር። ዐሥርቱ ትእዛዛት የሚለው የ1956ቱ ትልቅ ፊልም ውስጥ የቤተ መንግሥቱ ሙዚቀኞች መሀል አለች። ጸሐፊው በልጅነቱ በየፋሲካው ይህን ፊልም ከቤተሰብ ጋር ያይ እንደነበር፣ እናቱ ባሕሩ ሲከፈል ሁልጊዜ እልል ትል እንደነበር ተረከ። አሁን ተመልሶ እሷን ፍለጋ ሙሉውን እንደገና ሊያየው ነው። በጊዜዋ ከነበሩት ጥሩ ትሮምቦን ነፊዎች አንዷ የሆነች ሴት ካሜራ ፊት የቆመችው ሌላ መሣሪያ ይዛ፣ በአጃቢ ልብስ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆሜ ነው ያነበብኩት።

ሐሳቤን በጣም የነቀነቀው ምላሽ 6 ነው። ሰውየው ስለ ጄ ጄ ጆንሰን ጻፈ። ጆንሰን ማለት ስላይድ ይዞ ቢቦፕ በሚባለው የጃዝ ስልት ፍጥነት መጫወት እንደሚቻል ለዓለም ያሳየ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ከእሱ በላይ የሚጠራ ትሮምቦን ተጫዋች አልነበረም። እሱም ግን ከ1952 እስከ 1954 ሙዚቃውን ትቶ ፋብሪካ ውስጥ የቴክኒክ ንድፍ እያየ ሲያጣራ ኖሯል። ወንድ ነው፣ ስመ ጥር ነው፣ ግን ኪራይ መክፈል አቃተው። ጸሐፊው ምክንያቱን ዘረዘረ። በ1944 መንግሥት ሙዚቃና ዳንስ ባለባቸው የምሽት ቤቶች ላይ 30 በመቶ ግብር ጣለ፣ በኋላ ወደ 20 ዝቅ አደረገው። ባለቤቶቹ ትልቅ ባንድ መቅጠር ትተው ትንንሽ ቡድን ያዙ። በ1946 መጨረሻ ስመ ጥር ባንዶች ተራ በተራ ተበተኑ፣ ስመ ጥሩ የባንድ መሪ ካውንት ቤዚ ራሱ በ1950 ባንዱን ወደ ትንሽ ቡድን አወረደው። ዐሥራ ሰባት ሰው በአውቶቡስ ጭኖ፣ አብልቶና አሳድሮ ማትረፍ አልተቻለም። መጀመሪያ ሥራ የሚያጡት ደግሞ ትሮምቦኖቹ ናቸው፣ አምስት ሰው ብቻ ባለበት ቡድን ውስጥ መሀሉን የሚሞላ ሰው አይፈለግም። ስለዚህ ሜልባን ቢሮ ያስገባት የዘመኑ ኢኮኖሚ ነው አለ። እኔ ስለ ግብሩ ጭራሽ አላሰብኩም ነበር።

ምላሽ 7 ለዚህ መልስ ሆኖ ነው የመጣው። ስቶክሆልም የምትኖር እህት ናት፣ ረጋ ብላ ነው የጻፈችው። ጆንሰን ሲመለስ በስሙ ብዙ አልበም አወጣ፣ የራሱን ቡድን መራ አለች። ሜልባ በዚያ ዘመን በስሟ መሪ ሆና የሠራችው አልበም አንድ ነው። በ1958 ተቀዳ፣ ዙሪያዋን ትሮምቦን ነፊዎች ናቸው፦ ቤኒ ግሪን፣ አል ግሬይ፣ ጂሚ ክሊቭላንድ፣ ስላይድ ሃምፕተን። ሁሉም አንደኛ ደረጃ ሰዎች፣ መሪዋም አቀናባሪዋም እሷ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አልመጣም። እህታችን ቀጥላ ማንም ያላነሳውን ነገር አነሳች። ወንዶቹ ጉዞ ላይ አብረው ያድራሉ፣ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ሜልባ አብዛኛውን ጊዜ ብቸኛዋ ሴት ነበረች። በጉዞ ላይ ጥቃት እንደተፈጸመባትና በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ዝም ብላ መኖሯን ራሷ በዕድሜዋ ማምሻ ተናግራለች። ግብሩ ሁሉንም ጎዳ፣ ይህኛው ግን እሷን ነው የጎዳው አለች። ለብዙ ሰዓት ማንም አልጻፈም።

ምላሽ 8 ሲመጣ ባይመጣ ይሻል ነበር የሚያሰኝ ዓይነት ነው። ዲዚ ባይኖር ማን ያውቃት ነበር አለ፣ ወንድ ነው በሩን የከፈተላት። ማስረጃ ይሆነኛል ብሎ አንድ የታወቀ ታሪክ አመጣ። ዲዚ ከካሊፎርኒያ ሲያስመጣት የባንዱ ሰዎች አጉረመረሙ። ሴት ትሮምቦን ነፊ ከዚያ ሁሉ ርቀት ምን ያስጠራል ተባለ። ዲዚ መልስ አልሰጠም፣ እሷ ያቀናበረችውን ኖታ አውጥታ እንድታድላቸው አደረገ። ጀመሩት፣ ጥቂት ሄደው ተደናቀፉ። ደገሙት፣ እንደገና ተደናቀፉ። ከዚያ በኋላ የናቋት ሁሉ አከበሯት።

በዚሁ ታሪክ ምላሽ 9 አፈር አበላው። ብዕሯ ስለት አለው፣ እኔ እንኳን እንዲህ አልደፍርም ነበር። ወንድ ትሮምቦን ነፊ ባንድ ውስጥ ሲገባ ነፍቶ ይገባል፣ አበቃ አለች። ሜልባ ግን መጀመሪያ ባንዱን በሙሉ በወረቀት ማሸነፍ ነበረባት፣ ከዚያ ነው ወንበር ያገኘችው። ዲዚም ለጽድቅ አልጠራትም። መንግሥት በከፈለበት ጉዞ ከሀገር ሊወጣ ነበር፣ ጥሩ ኖታ ያስፈልገዋል፣ ጥሩ ነፊም ያስፈልገዋል። አንድ ሰው ጠርቶ ሁለቱንም አገኘ። ስለ ጉዞውም ጨመረች። በ1956 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባንዱን በአባዳን፣ በካራቺ፣ በቤይሩት፣ በደማስቆ፣ በአንካራ፣ በኢስታንቡል፣ በአቴንስ አዞራቸው። ጥቁርና ነጭ፣ ወንድና ሴት አንድ መድረክ ላይ ተቀምጠው የአሜሪካን ነጻነት እንዲያሳዩ ነው። በአገራቸው ደቡብ ግን ሜልባ ነጮች የሚበሉበት ቤት ገብታ ምሳ መብላት አትችልም ነበር። እኔ በዚህ ከምላሽ 9 ጋር ሙሉ በሙሉ ነኝ።

ከዚህ በኋላ የማይቀረው መጣ። ምላሽ 10፣ የራሳችንን ትተን የፈረንጅ ታሪክ እንቆጥራለን ብሎ ተቆጣ። በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ትሮምቦን የነፉ ሰዎች ስማቸውን ማን ያውቃል አለ። ቁጣው ልቤን ነካው፣ ምክንያቱም የሚያነሳው እውነት ነው። የድምፃዊውን ስም ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን፣ ከኋላ ቆመው የነፉትን ግን የካሴቱ ሽፋንም አይጽፋቸው።

በምላሽ 11 ጋሼ መለሱለት፣ በቁጣ ሳይሆን በጨዋታ። ታሪኩን ከሥሩ አመጡት። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው የማርሽ ባንድ ነፊዎች፣ ዐርባዎቹ የአርመን ልጆች፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ በኋላም የወንድሙ ልጅ ነርሰስ። ቢግ ባንድ ለእኛ እንግዳ አይደለም አሉ፣ በየጦር ክፍሉና በየቲያትር ቤቱ ነበር። አሜሪካዊው የጃዝ ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ ሲመጣ እሳቸው ወጣት ነበሩ። ኤሊንግተን ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ተቀበለ፣ ከሙላቱ አስታጥቄም ጋር ተገናኙ። ጋሼ ግን የሄዱት የእሱን ትሮምቦኖች ለማየት ነው። ሲጨርሱ ከመድረኩ ጀርባ ቆመው አንዱ ነፊ ስላይዱን ሲወለውል እስኪጨርስ ማየታቸውን እስካሁን አይረሱትም። ከዚያ ወደ ሜልባ ተመለሱ። በዚያው በ1973 እሷ ጃማይካ ሄደች፣ እስከ 1979 እዚያ ሙዚቃ አስተማረች። ምላሽ 10 የጻፈውን ደግሞ እንዲህ አሉት፦ የእኛን ነፊዎች ስም እኔ አውቃለሁ፣ ደውልልኝ፣ አብረን እንጻፈው። ሰውየው እሺ ብሏል። ከዚህ ክር ሌላ ምንም ባይወጣ ይህ ይበቃኛል።

ምላሽ 12 አዲስ አበባ ሙዚቃ የሚማር ልጅ ነው፣ ረጅም ጻፈ። ያነሳው ሜልባ ከፒያኖ ተጫዋቹ ራንዲ ዌስተን ጋር በ1960 የሠራችውን ትልቅ ሥራ ነው። ስሙ ኡሁሩ አፍሪካ ነው፣ ኡሁሩ በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው። በዚያ ዓመት ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነጻ ወጥተዋል። ግጥሙን ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ ጻፈ፣ ዜማው የዌስተን ነው፣ ለትልቁ ኦርኬስትራ ያቀናበረችው ሜልባ ናት። የአፓርታይዱ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ከልክሎታል። ልጁ ግን ስለ ፖለቲካው ብዙ አላወራም። በጆሮ ማዳመጫ ሦስቱን ትሮምቦኖች ብቻ እየተከተለ እንዳዳመጠው ጻፈ። ሌላ አቀናባሪ ትሮምቦኖቹን ለማጀቢያ ብቻ ያስቀምጣቸዋል አለ፣ ሜልባ ግን እንዲተነፍሱ ቦታ ትሰጣቸዋለች፣ ከሥር ተነስተው ሌላውን እንዲያነሱት ታደርጋለች። እዚያ ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ሰው እንዲህ ሊጽፍ አይችልም አለ። ስለዚህ ትሮምቦኗንና እርሳሷን ለሁለት ከፍላችሁ አትከራከሩ፣ አንድ ሥራ ነው።

እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ጥያቄዬ ራሱ ተለወጠ። እኔ እርሳሱን እንደ ቅጣት ነበር ያየሁት። ጓዳ ያልኩት ቦታ እሷ ባንዱን በሙሉ የምትሰማበት ቦታ ነው። ይህን ስል ግን ምላሽ 7 ያነሳችውን አልተውኩም። ሁለተኛ አልበም ያልሰጧት ሰዎች አሁንም ባለዕዳ ናቸው፣ ይህን አቋሜን አልቀየርኩም።

ምላሽ 13 አጭር ነው። አባቷን ስትሮክ የመታው ሴት ናት። አባቷ እጁ አልታዘዝ ሲለው እንዴት ያየው እንደነበር ታውቃለች። ሜልባ በ1985 ግማሽ ጎኗ ሲያዝ ስላይዱን መሳብ አልቻለችም። ኮምፒውተር ገዝታ በእሱ ማቀናበር ተማረች። በ1987 ጃዝ ውስጥ አገሪቱ የምትሰጠውን ትልቁን ክብር ተቀበለች። ከዚያ በኋላም ለዌስተን አልበሞች ጻፈች፣ በ1991 እና በ1993 የተቀዱት ከእነሱ መሀል ናቸው። ትሮምቦን አለባቸው። ሌላ ሰው ነፋላት።

ምላሽ 4 የጻፈው ሰው ይህንን አንብቦ ቀይ ልብ አስቀመጠበት። ቃል አልጨመረም።

ምላሽ 14 ትናንት ማታ መጣ። ዴንቨር ያለችው እናት ናት። መሣሪያውን በወር ኪራይ ወሰዱት። ልጅቷ ከሳጥኑ ሳታወጣው በፊት ትንሽ ወለወለችው። ጋሼ እንዳሉት ከላይኞቹ ማረፊያዎች ጀመሩ። የመጀመሪያው ቀን የወጣው ድምፅ የበሬ ነበር፣ ጎረቤት በር አንኳኳ። በአምስተኛው ቀን አንድ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ድምፅ ወጣ። አያቷ ቪዲዮ ላይ ሆነው ሰሙት። ለሴት ልጅ አይሆንም ሲሉ ከነበሩት አንዷ እሳቸው ናቸው። ድገሚው አሏት። እናትየዋ የልጅቷን ክንድና ስላይዱን በሜትር ለክታለች። ስድስተኛው ማረፊያ ላይ ለመድረስ ሦስት ጣት ይቀራታል። ጋሼን፣ ሦስት ጣት ስንት ወር ይፈጃል ብላ ጠይቃለች፣ ገና አልመለሱላትም።